አባቴ እንደ በሬ ያዩት ሞተር

ባሌ መኪና እስኪገዛ ድረስ ሰው ስቆብኝ አያውቅም ነበር። መኪና ስላችሁ ደግሞ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። ቡሬ፣ አንድ የእህል ነጋዴ ጓሮ ውስጥ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ትንሽ መኪና ነበረ፤ ጎማው በስብሶ፣ ወንበሩን አይጥ በልቶት፣ ዶሮ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ውስጥ ነው። ባሌ ክረምት ያርሳል፣ በጋ በጭነት መኪና ረዳትነት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይመላለሳል፤ ለካ ሲመላለስ ዓይኑን ጥሎበት ኖሯል። ለእኔ ትንፍሽ አላለም። አንድ ማለዳ ሁለቱን በሬዎቻችንን ነድቶ ሲወጣ «ወዴት ነው?» ብለው «ገበያ» አለኝ። ዋሽቶኛል አልልም።

በሬዎቹ የእሱ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በእኔ ቁጣ ያበቃ ነበር። ግን ስንጋባ እንደ አገራችን ደንብ ከሁለቱም ወገን ማጫ ተጥሎልናል፤ አንዱን በሬ የእሱ አባት፣ አንዱን የእኔ አባት ሰጥተው ነው ጥማድ የሆነው። አባቴ የሰጡት ቀይ በሬ በማንኩሳ ዙሪያ የታወቀ ነበር። ሰው ሠርጌን ያወራው «ልጃቸውን ዳሩ» እያለ ሳይሆን «ያን ቀይ በሬ ሰጡ እኮ» እያለ ነው። እንግዲህ ያ በሬ ነው ዶሮ በምትተኛበት ብረት የተለወጠው።

ይባስ ብሎ መኪናው በራሱ መምጣት ስላልቻለ አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎተተው። ባሌ መሪውን ጨብጦ፣ እንደ አገር ገዥ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይጎተታል። ቀኑ ደግሞ የማንኩሳ ገበያ ነው! አባቴ ጤፍ ሊሸጡ ወጥተው መንገድ ዳር ቆመዋል። ገበያተኛው «የማን ሬሳ ነው?» እያለ ይስቃል። አንዱ አፉን የማይሰበስብ ሰው ወደ አባቴ ዞሮ «ጋሼ፣ ያ የሚጎተተው የእርስዎ አማች አይደለም እንዴ?» አለ። አባቴ ጤፋቸውን ሳይሸጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በባሌ ተናደድሁ፣ በሚስቁት ተናደድሁ፣ ጤፋቸውን ይዘው በተመለሱት በአባቴም ተናደድሁ። መኪናው ግቢያችን ሲገባ ወጥቼ አላየሁትም። ባሌ እራቱን ሳቀርብለት «አየሽው?» አለኝ። «ሬሳ ሲመጣ የሚያለቅስ ነው የሚወጣው» ብየው ፊቴን አዞርሁ።

ብዙም ሳይቆይ የአባቴ የነፍስ አባት፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ በበቅሎ መጡ። የመጡት መልእክት ይዘው ነው። አባቴ እንዲህ ብለዋል አሉ፦ «ኅዳር ሚካኤል በዋለ በማግስቱ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ብረቱን በዓይኔ አየዋለሁ። በሬዬን የሚተካ ከሆነ ተተካ። ገበያ ላይ ያየሁት ዓይነት ሬሳ ከሆነ ግን የተረፈውን ንብረት ተካፍላ ልጄ ወደ ቤቴ ትገባለች።» ቄሱ ይህን ተናግረው መስቀላቸውን አሳለሙን፤ ወዲያው በቅሏቸው ላይ ወጡ።

አገሬን ለማያውቅ ልንገረው፤ ይህ ማስፈራሪያ አልነበረም። አባቴ የተናገሩትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ታላቅ እህቴንም ከሰካራም ባሏ እንዲሁ አፋትተው አምጥተዋታል፤ ለእሷስ ደግ አደረጉ። የእኔ ባል ግን አይሰክር፣ አይማታ። ጥፋቱ ብረት መውደዱ ነው። ደግሞ እኔ ወድጄዋለሁ፤ ምን ላድርግ? ሲያስቀኝ ንዴቴ ይጠፋል፣ ሲርቅ ቤቱ ይጨልምብኛል። ከዚያ ቤት ተነሥቼ ወደ አባቴ ጓዳ መመለስን አልፈለግሁም። ስለዚህ ኩርፊያዬን ትቼ መኪናውን ልየው ብዬ ወጣሁ።

እውነት ለመናገር ባሌ ሥራውን ያውቃል። መስከረም አልቆ ጥቅምት እስኪጋመስ ጎማ ከዚህ፣ ካንዴላ ከዚያ እየለመነ፣ ሞተሩን እየፈታ እየገጠመ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ አስነሣው። ወይ ጉድ! አጥሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮው ተበተነ፣ ጎረቤት ሁሉ «ምን ፈነዳ?» እያለ መጣ። ባሌ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ «በቃ! ሄደ እኮ! አባትሽ ከዚህ በኋላ ምን ይላሉ?» አለኝ።

እኔ የኮፈኖውን ክዳን ከፍቼ አየሁ። ዝገት፣ እንደ ጭቃ የደረቀ ዘይት፣ ገለባ፣ የዶሮ ኩስ። 

«አባቴን አታውቃቸውም» አልሁት። «እሳቸው ስለ ሞተር የሚያውቁት ነገር የለም። የሚያውቁት በሬ ነው። በሬ ሲገዙ ቀንዱን አይተው አያውቁም። ጥርሱን ገልጠው ያያሉ፣ ፀጉሩን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ሆዱን ያያሉ። ፀጉሩ ያላማረ በሬ ውስጡ ታሟል ነው የሚሉት። ይህን ከፍተው ይህን ዝገት ካዩ፣ እየሮጠ ጎጃምን ቢዞር እንኳ ሬሳ ነው ብለው እጄን ይዘውኝ ይሄዳሉ።»

«ቀለም ጉልበት አይጨምርም» አለኝ እየሳቀ።

«ለሞተሩ አይጨምር ይሆናል፤ ላንተ ይጨምርልሃል!»

ሳቁን አቆመ። በማግስቱ ከቡሬ ሲመለስ ለቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት የሚሸጥ የዘይት ቀለም ይዞ መጣ፤ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ የተረፈ አንድ ጣሳ አረንጓዴ ነው፣ ሌላም ከታች ትንሽ ቀይ የቀረበት ጣሳ። ከዚያ ወዲያ ቀለም ፍለጋ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ መሄድ ነው። ለዚያ ጊዜም አልነበረን፣ ገንዘብም አልነበረን።

ሥራው ተጀመረ። የሚፈታውን ሁሉ ፈታ፦ የሞተሩን ክዳን፣ ማራገቢያውን፣ የአየር ማጣሪያውን ጣሳ፣ ጭሱ የሚወጣበትን ወፍራም ቧንቧ። ቁርበት አንጥፌ በየተራ ደረደርኋቸው። እሱ በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል፣ እኔ ከኋላው በብርጭቆ ወረቀት አሸዋለሁ። ብረት እንዲህ ነጭ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ስናሸው ስናሸው እንደ ብር አበራ። ያን ቀን ከሠርጌ ቀን የበለጠ ደስ ብሎኝ ነበር ብል አላጋነንሁም። በሠርጌ ቀን ተሸፋፍኜ ማንንም አላየሁም!

ከዚያ ባሌን ጭነት ጠራውና ወደ ቡሬ ሄደ። «እስክመጣ እንዳትነኪው» ብሎኝ ነበር። ጠዋት ብነሣ ጤዛ ወርዶበት ያ እንደ ብር የነጣ ብረት ቀላ ቀላ ብሏል። ደነገጥሁ። አንድ ቀን እንዲህ ካደረገው እሱ እስኪመጣ ምን ሊተርፍ ነው? መላ መምታት ጀመርሁ። እኛ ቤት አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ ሥራ አይጀምርም። ጎመንዘር ወቅጠህ፣ ሸክላውን አሙቀህ፣ ደጋግመህ ታሸዋለህ፤ ያኔ ይጠጣል፣ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ወዲያ የነካው አይጣበቅበትም። ታዲያ ብረትስ ከሸክላ በምን ያንሳል? ጎመንዘሬን ወቀጥሁ፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ በደንብ አሟሸሁ፣ አማረልኝ። ባሌ መጥቶ ይደነቅ ብዬ ደግሞ በላዩ ላይ አረንጓዴውን ቀለም ለቀለቅሁት።

የነካው አይጣበቅበትም ብያለሁ አይደል? አልተጣበቀም! ጠዋት ስነሣ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማድዶ ተኝቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ከነቆዳው ተንሸራቶ መጣ። የጣሳው ግማሽ አልቋል። ቁርበቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ባሌ መጥቶ አየ። አረንጓዴውን ቆዳ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሸተተው። «ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ጎመንዘር።»

«ሞተሩን አሟሸሽው?»

«አሟሸሁት! ዝም ብዬ ሲዝግ ልየው?»

ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልሴም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እንጀራ ልትጋግሪበት ነው?» ይላል፣ እንደገና ይስቃል። መጀመሪያ ልመታው ቃጣኝ፣ በኋላ እኔም ሳቄ መጣ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ጣሳውን ዘንበል አድርገን አየን፣ ከዚያ ተያየን። ሚካኤል ቀርቧል።

እንደገና ከሀ ጀመርን። ብርጭቆ ወረቀቱ ስላለቀ በአሸዋና በገል ፋቅነው። ጎመንዘር ከብረት ላይ እንዲህ በዋዛ አይለቅም። ቤንዚን አባከንበት፣ አሁንም እጅ ያንሸራትታል። በመጨረሻ እንዶድ ወቀጥሁ። የእሱን የዘይት ልብስ የማጥበው በእንዶድ ነው፤ ከልብሱ ካስለቀቀ ከብረቱስ ለምን አያስለቅቅም? አረፋውን አስነሥቼ አሸሁት፣ በሙቅ ውኃ አለቀለቅሁት፣ ጣቴን ባሳልፍበት ሲጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተመለሰው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በሁለተኛው አልተቻኮልንም። ብረቱን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ለብ ሲል እንቀባዋለን። ቀለሙ ትንሽ ስለሆነ በስሱ ነው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላ፣ እሱ ሲደርቅ ሌላ። የፈረስ ጭራ በእንጨት አስረን ብሩሽ ሠራን። ጭራው የማይደርስበትን ስርጓዳ በዶሮ ላባ ቀባሁት። መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ አቧራው እንዳይወርድበት ነጠላዬን ዘርግቼ እንደ ድንኳን ይዤ እቆማለሁ። ነጠላውም ተበላሸ፤ ይበላሽ! አንዲት ዶሮ ደግሞ ተሽሎክሉካ ገብታ ትኩሱን ቀለም ረገጠችው። እግሯን አረንጓዴ አድርጋ ሰፈሩን ስትዞር ጎረቤት ሁሉ ምን እየሠራን እንደሆነ አወቀ። «ሬሳውን እየገነዙት ነው» አሉን። ይበሉ።

አረንጓዴው ለሞተሩ ገላ በቃ። ለላይኛው ክዳን ስላልደረሰ ቀዩን ቀባነው። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ባሌ ወደ ኋላ ሄድ ብሎ አየው። እኔም አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ። አረንጓዴ ላይ ቀይ፣ ከመሐል ነጭ ብረት ብልጭ ብልጭ ይላል። አይ ማማር!

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ሞተሩን ስናስነሣው ያ ጭስ የሚወጣበት ወፍራም ቧንቧ ጋለና ቀለሙ እየተንጨረጨረ ፊኛ ፊኛ ሠራ፣ ከዚያ ጠቁሮ ረገፈ። ከሞተሩ ሁሉ እጅግ የሚግለው እሱ ነው፤ ቀለም አይችለውም። መሐል ላይ ያ የተቃጠለ ነገር ዓይን ይወጋል። ባሌ «አበቃ፤ እንግዲህ እንዲሁ ይሁን» አለ።

«ፍታልኝ» አልሁት።

«ምን ልታደርጊው?»

«ላሟሸው! እሳት የሚችል ነገር ምን ሆኖ እንደሚበስል ካንተ አልማርም።»

አልሳቀም በዚህ ጊዜ። ፈታልኝ። ቧንቧውን ፍቄ አጠብሁና ከሰል ላይ አግዬ ጎመንዘር አሸሁት፤ ጨሰ፣ አስነጠሰን፣ ዓይናችን አለቀ። ሲበርድ አጋልሁት፣ ሲግል አሸሁት። እየጠቆረ፣ እየጠጣ፣ በመጨረሻ እንደ ቆየ ምጣድ ጥቁር ሆኖ አብረቀረቀ። ገጥመን ሞተሩን ስናስነሣው ትንሽ ጨሰ፣ ሸተተ፣ ግን አልረገፈም። እልል አልሁ! ብቻዬን፣ በቀትር፣ ያለ በዓሉ። ዶሮዎቹ እንኳ ቀና ብለው አዩኝ።

ኅዳር ሚካኤል ዋለና በማግስቱ አባቴ መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ጠላ ባቀርብ «ከነገሩ በፊት አልቀምስም» አሉኝ። ጉንጬን እንኳ አልሳሙኝም። ዋንጫውን ወደ ጓዳ መለስሁት።

መኪናው ግቢው መሐል ቆሟል። አባቴ ከኋላው ጀመሩ። ጎማውን በከዘራቸው ቆረቆሩት። ጎኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። ፊት ለፊት መጥተው መብራቶቹን፣ ልክ የበሬ ዓይን እንደሚያዩት፣ ጎንበስ ብለው አዩ። ባሌ ላብ አጥምቆታል።

«በል አፉን ክፈተው» አሉት።

ባሌ ኮፈኖውን ከፈተ። የጠዋት ፀሐይ ገባበት።

አባቴ ጎንበስ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተንጠራርተው አዩ። ከዚያ አባቴ አመልካች ጣታቸውን አውጥተው ከሞተሩ ጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉና ጣታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። ንጹሕ ነው። ሌላ ስርጓዳ ፈልገው እንደገና አሳለፉ። ያም ንጹሕ ነው፤ በላባ የቀባሁት ነው!

«ይህ ያ ገበያ ላይ ያየሁት ነው?»

«እሱው ነው» አለ ባሌ።

ቄሱ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው «ይህ ቀለም የቤተ ክርስቲያናችንን በር አይመስልም?» አሉ። ባሌ ከነጋዴው እንደገዛው ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አባቴ ቀደሙት። «ከመሰለ የተባረከ ነው» አሉ። አባቴ ወደ እኛ እንዳዘነበሉ ያን ጊዜ አወቅሁ።

«የቀባው ማነው?»

ባሌ እኔ ነኝ ቢል ማንም አይጠረጥረውም ነበር። እኔም ባላጋለጥሁት። እሱ ግን በአባቴ ከዘራ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ «እሷ ናት። እኔ ፈታሁ፣ እኔ ገጠምሁ፤ ማሳመሩ የእሷ ነው» አለ። አባቴ ወደ እጄ አዩ። ልደብቀው ብል የት ልደብቀው? ጥፍሬ ሥር ያለው አረንጓዴ በእንዶድም በሎሚም አለቀቀኝም ነበር።

«ይነሣና እንየው» አሉ።

ባሌ ማስነሻ ዘንጉን ሰክቶ አንድ ጊዜ አዞረ። አክ ብሎ ተወ። እንደገና አዞረ። ዝም። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። በልቤ «አንተ ብረት፣ ካዋረድኸኝ በመጥረቢያ ነው የምፈልጥህ!» እያልሁ ነበር። ባሌ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ትከሻውን አስገብቶ አዞረው፤ ተነሣ! አጓራ፣ ግቢው ተናወጠ፣ የቄሱ በቅሎ ገመዷን ልትበጥስ ደረሰች። ቧንቧው ሲግል ያ የጎመንዘር ሽታ ግቢውን ሞላው። ቄሱ አፍንጫቸውን ይዘው «ምጣድ የሚያሟሽ ማነው?» ብለው ቢጮኹ ባሌ በሳቅ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አባቴ ግን አልሰሙም። መዳፋቸውን ከሞተሩ በላይ ዘርግተው ሙቀቱን እየሞቁ ነው። ፊታቸውን አየሁት። የሚወዱት በሬ እርሻ ላይ ሲጎትት የሚያዩበት ፊት ነው።

ሞተሩ ሲጠፋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እንግዲህ ጎበዝ፣ በሬ ቢሆን አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእሷ እንል ነበር። ይህን በምን እናካፍለው? ግማሹን በመጋዝ?» ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ነገሩ እንደ አለቀ ገባኝና ጠላውን ላመጣ ወደ ጓዳ መንገድ ጀመርሁ።

«ቆይ» አሉኝ አባቴ።

ቆምሁ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ትመጫለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ከተወለድሁ ጀምሮ አባቴ ምን ትያለሽ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ስዳር እንኳ የማገባው ማን እንደሆነ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። አሁን በሰው ፊት፣ በሽማግሌ ፊት ጠየቁኝ። ቄሱም ባሌም እኔን እኔን ያያሉ። ባሌን እወደዋለሁ ብሎ በአባት ፊት መናገር በእኛ አገር ነውር ነው።  ዝም ብል ደግሞ ያ ጥያቄ ሁለተኛ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

«አባባ» አልሁ፣ «ሆዱ ሥር ገና አልተቀባም። ይህን ሥራ ጅምር ትቼ የትም አልሄድም።»

አባቴ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ባሌ ቀሰሩ።

«ሰማህ አይደል? በል ቀለም ግዛላት!»